7.83 ሄርዝ ብቻውን አይበቃም፦ የላይኛውን ከባቢ አየር አስተላላፊነት ከመብረቅ ሞገድ መለካት

ጥያቄ፦ «የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የላይኛውን ከባቢ አየር የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከተፈጥሮ ሬዲዮ ሞገድ መለካት እፈልጋለሁ። በእጄ ያለው የጥቅል ሽቦ አንቴና፣ ማጉያ እና በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና የሚወስድ ሳውንድ ካርድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹የሹማን ሬዞናንስን 7.83 ሄርዝ ካየህ በቃህ፣ አስተላላፊነቱን ከእሱ በቀጥታ ታሰላለህ› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ዊስለር ቅዳ ይለኛል። በየትኛው ልጀምር? መጨረሻ ላይስ አንድ ቁጥር ይዤ መውጣት እችላለሁ? እባክዎ ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ በሌሊት ትዊክ ጀምር፤ ትዊክ ከሩቅ መብረቅ የሚመጣ አጭር የሬዲዮ ምልክት ነው። የሹማን ሬዞናንስን፣ ማለትም መብረቅ በምድርና ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የላይኛው አየር (በአዮኖስፌር) መካከል የሚያስነሳውን ዝቅተኛ ንዝረት፣ ለጊዜው ተወው። ዊስለር፣ ያ እንደ ፉጨት የሚሰማው የመብረቅ ሞገድ፣ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አያስፈልግህም። አንድ ቁጥር ይዘህ ግን አትወጣም። መሣሪያህ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የምትለካው ነገር ራሱ አንድ ቁጥር ስላልሆነ ነው።

መጀመሪያ ይህን እናጥራ፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። መሬት አጠገብ ያለው አየር ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ አስተላላፊነቱ የአንድ ሲመንስ በሜትር መቶ ትሪሊዮንኛ አካባቢ ነው። 50 ኪሎሜትር ገደማ ስትደርስ በአስር ሺዎች እጥፍ አድጓል። ሌሊት 85 ኪሎሜትር አካባቢ ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ። ስለዚህ «የአዮኖስፌር አስተላላፊነት ይህን ያህል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታይ ወዲያው «በየትኛው ከፍታ? በስንት ሰዓት?» ብለህ ጠይቅ። ሁለቱ ካልተመለሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ይህን እድገት በዋናነት የሚወስኑት ነፃ ኤሌክትሮኖቹ ስንት እንደሆኑ እና በሰከንድ ስንት ጊዜ ከአየር ሞለኪውል ጋር እንደሚጋጩ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ኤሌክትሮኑ ይበዛል፣ አየሩ ስለሚሳሳ ግጭቱ ይቀንሳል፣ ሁለቱም አስተላላፊነቱን ከፍ ያደርጉታል። በተለመደው ሞዴል ኤሌክትሮን 70 ኪሎሜትር ላይ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይጋጫል፤ 85 ላይ ግን ወደ 500 ሺህ ይወርዳል። ዝቅ ብሎ፣ 50 ኪሎሜትርና ከዚያ በታች፣ ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ በሞለኪውሎች ስለሚያዙ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ከባዶቹ አዮኖች ናቸው። ቀን ላይ ደግሞ ላይማን አልፋ የሚባለው የ121.6 ናኖሜትር የፀሐይ ጨረር ናይትሪክ ኦክሳይድን እየመታ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ምንጭ ይዳከማል፣ የታችኛው ንብርብር ይሳሳል፣ ረጅም ሞገድ የሚነጥርበት ጣሪያም ከ70ዎቹ መጀመሪያ ወደ 85 ኪሎሜትር አካባቢ ይወጣል። የቀን ልኬትና የሌሊት ልኬት መቼም እንዳይደባለቁብህ።

ለምን በሬዲዮ ሞገድ ይለካል ካልክ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ፊኛ 30 እና 40 ኪሎሜትር መካከል ይቆማል። ሳተላይት በዚህ ከፍታ አይዞርም፣ አየሩ ጎትቶ ይጥለዋል። ሮኬት ይደርሳል፣ ግን በአንድ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚለካው። አዮኖስፌርን ከመሬት የሚፈትሸው አዮኖሶንድ ሥራው ከ1 ሜጋሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ ሞገዱ ይህን ቀጭን ንብርብር አልፎት ከላይኞቹ ይመለሳል። በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሞገድ ግን የሚነጥረው እኛ ከምንፈልገው ከፍታ ነው። መብረቅ ይህን ሞገድ ሳያቋርጥ ይልክልናል። በሳተላይት ምልከታ መሠረት በዓለም ላይ በየሰከንዱ በአማካይ 44 ያህል ጊዜ ይበርቃል። ሞገዱ በመሬትና በአዮኖስፌር መካከል ባለው ክፍተት፣ እንደ ቦይ ሆኖለት፣ ሺህ ኪሎሜትሮችን ይጓዛል።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ምክር። ዊስለርም የመብረቅ ልጅ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። አዮኖስፌርን ሰንጥቆ ይወጣል፣ የምድርን የማግኔት መስመር ይከተላል፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ንፍቀ ክበብ ይወርዳል። እየወረደ የሚሄደው ፉጨቱ የሚፈጠረው በዚያ የብዙ ሺህ ኪሎሜትር ጉዞ ላይ በሚያገኛቸው ኤሌክትሮኖች ነው። ተመራማሪው ስቶሪ በ1953 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንን ነው፤ ከምድር በጣም ርቆ ብዙ ኤሌክትሮን እንዳለ የታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለ ማግኔቶስፌር፣ የምድር ማግኔት መስክ ስለሚገዛው ሩቅ ሕዋ፣ ብትጠይቀኝ ኖሮ ዊስለርን እመክርህ ነበር። 85 ኪሎሜትር ላይ ስላለው ነገር ግን ከፉጨቱ ቅርጽ የምታወጣው ነገር የለም።

የሹማኑ ትንሽ ጠለቅ ያለ መልስ ይፈልጋል። ዊንፍሪድ ኦቶ ሹማን በ1952 እንዳሰላው፣ ምድርና አዮኖስፌር ፍጹም አስተላላፊ ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ሬዞናንስ 10.6 ሄርዝ ላይ ይሆን ነበር። የሚለካው ግን 7.8 አካባቢ ነው፣ ቀጥሎም 14.3፣ 20.8 እያለ ይሄዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው አዮኖስፌር ፍጹም አስተላላፊ አለመሆኑ ነው፣ ስለዚህ ጓደኛህ መነሻው ትክክል ነው። የሳተው ቀጣዩን እርምጃ ነው። በዚህ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጣሪያው አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። የሞገዱ የኤሌክትሪክ መስክ 50 ኪሎሜትር አካባቢ ያበቃል፤ እዚያ አስተላላፊነቱ 0.45 ናኖሲመንስ በሜትር ገደማ ሲደርስ የሚፈሰው ጅረት ከመፈናቀል ጅረቱ (የኤሌክትሪክ መስኩ መለዋወጥ ራሱ ከሚፈጥረው) ጋር እኩል ይሆናል። የማግኔት መስኩ ግን አልፎ ወደ 90 ወይም 100 ኪሎሜትር ይዘልቃል። የሬዞናንሱ ፍሪኩዌንሲ በዋናነት የሚነግርህ የእነዚህን የሁለቱን ከፍታዎች ጥምርታ ነው። 7.8ን ለ10.6 አካፍለህ በራሱ ብታባዛው 0.54 ይመጣል፤ 50 ለ93 ያው 0.54 ነው። 54 ለ100ም ያው 0.54 ነው። ከአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ከፍታ አይወጣም፣ የአስተላላፊነት እድገት ደግሞ ጭራሽ አይወጣም።

ለዚያ የሬዞናንሱን ስፋትም መለካት አለብህ። ስፋቱ ትልቅ ነው፤ ሬዞናንሱ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ደወል ቶሎ ይሞታል፣ ጫፉም ስለታም አይደለም። ያ ሰፊ ጫፍ ደግሞ ቦታውን የሚቀይረው አዮኖስፌር ሲለወጥ ብቻ አይደለም። የዓለም የነጎድጓድ ማዕከላት ከሰዓት ሰዓት ከእስያ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲዞሩ ካንተ ያላቸው ርቀት ይቀየራል፣ ጫፉም በሄርዝ አስረኛዎች ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዲያውም የፀሐይ ኤክስሬይ ፍንዳታ የላይኛውን ከፍታ ዝቅ አድርጎ ፍሪኩዌንሲውን ሲጨምረው፣ የፀሐይ ፕሮቶን ጎርፍ ደግሞ የታችኛውን ዝቅ አድርጎ ይቀንሰዋል። ሁለቱም አስተላላፊነትን ጨምረዋል፣ ምልክታቸው ግን ተቃራኒ ነው። «ፍሪኩዌንሲው ወረደ፣ ስለዚህ አስተላላፊነቱ ቀነሰ» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

በተግባርም አያዋጣህም። የሹማን ማግኔት መስክ 1 ፒኮቴስላ አካባቢ ነው፣ ከምድር ማግኔት መስክ በአስር ሚሊዮኖች እጥፍ ያነሰ። ጥቅል ሽቦው በንፋስ ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳን ቢነቃነቅ ከሬዞናንሱ የሚበልጥ ምልክት ይፈጥራል፤ ለዚህ ነው መሬት ውስጥ የሚቀበረው። ሳውንድ ካርድህም ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን ራሱ ይቆርጠዋል። ለብቻው የተሠራ ኮይል፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ቦታ፣ ከዚያም በላይ በተለያየ አህጉር ያሉ ጣቢያዎች መረጃ ያስፈልጋል። ለአንድ መመረቂያ ሥራ ከባድ ነው።

ትዊክ ግን አሁን ባለህ መሣሪያ ይሠራል። ሌሊት ላይ የመብረቅን ሬዲዮ በድምፅ ብታዳምጠው አጭር የወፍ ጩኸት የሚመስል ድምፅ ትሰማለህ። እሱ ነው ትዊክ። የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በመሬትና በጣሪያው መካከል እየነጠረ የሚጓዝ ሞገድ፣ ግማሽ የሞገድ ርዝመቱ ከጣሪያው ከፍታ ከበለጠ ወደ ፊት አይሄድም። ያ ወሰን የመቁረጫ ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ከፍታውን ለማግኘት የብርሃንን ፍጥነት በመቁረጫ ፍሪኩዌንሲው ሁለት እጥፍ ታካፍላለህ። 1,700 ሄርዝ ከሆነ 88 ኪሎሜትር ይመጣል። ወደ መቁረጫው የቀረበ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ እየዘገየ ነው የሚደርሰው። ለምሳሌ መብረቁ 2,000 ኪሎሜትር ርቆ ከሆነ 5 ኪሎሄርዙ በ7.1 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ 1.8 ኪሎሄርዙ ግን 20.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ያ በስፔክትሮግራም (ፍሪኩዌንሲው ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በሚያሳይ ምስል) ላይ የሚታየው ጥምዝ ጭራ ይህ መዘግየት ነው። ቀን ላይ ጣሪያው ሞገዱን አብዝቶ ስለሚውጥ ጭራው ይጠፋል፤ ስለዚህ ቀን ቀድተህ ትዊክ ብታጣ መሣሪያህን አትጠራጠር።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበትን ልንገርህ። ጭራውን በስፔክትሮግራም ላይ በዓይን አይቶ «1,700 ላይ ቆመ» ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው። በ20 ሚሊሰከንድ መስኮት የሠራኸው ስፔክትረም መለየት የሚችለው 50 ሄርዝን ነው። 50 ሄርዝ በከፍታ 2.6 ኪሎሜትር ነው። አስተላላፊነቱ ደግሞ ሌሊት ላይ በየ1 ኪሎሜትሩ በ1.65 እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ስለዚህ 2.6 ኪሎሜትር መሳት ማለት አስተላላፊነቱን በ4 እጥፍ አካባቢ መሳት ማለት ነው። መፍትሔው ጥምዙን በሙሉ ከመዘግየት ቀመሩ ጋር ማገጣጠም ነው። በየፍሪኩዌንሲው የደረሰበትን ጊዜ አውጣ፣ ከዚያ ርቀቱንና መቁረጫውን አንድ ላይ ፈልግ። ሁለቱ ያልታወቁ ነገሮች አንዱ የሌላውን ስህተት የመሸፈን ባሕርይ አላቸው። ብሊትሶርቱንግን ከመሰለ የመብረቅ መፈለጊያ መረብ የመብረቁን ቦታና ሰዓት ካገኘህ ግን ርቀቱን ታስረዋለህ፣ መቁረጫውም በጣም ይጠራል። ለዚያ ቀረጻህ በጂፒኤስ ሰዓት መታተም አለበት። የኮምፒውተር ሰዓት አይበቃም።

ሌላው ጠላትህ የቤት ኤሌክትሪክ ነው። መስመሩ 50 ሄርዝ ከሆነ ብዜቶቹ እስከ ኪሎሄርዞች ይዘልቃሉ፣ 1,700 ራሱ የ50 34ኛ ብዜት ነው፣ በትክክል መቁረጫህ ላይ ያርፋል። ከመስመር ራቅ፣ ላፕቶፑን በባትሪ አሠራ፣ የቀረውን በሶፍትዌር ቀንስ። ነጎድጓድ ወደ አንተ ሲቀርብ ደግሞ ልኬቱን አቁመህ አንቴናውን ንቀል። ቅርብ መብረቅ ማጉያውን ስለሚያጨናንቀው መረጃው አይረባም፣ ውጭ የተዘረጋ ሽቦ ይዞ መቆየት ደግሞ ለሕይወትህ አደጋ ነው። የሚጠቅምህ ሩቅ መብረቅ ነው።

ከፍታውን አገኘህ እንበል። ከዚያ ወደ አስተላላፊነት እንዴት ትሻገራለህ? በሌሊቱ ጣሪያ ሞገዱ የሚነጥርበት ቦታ ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ከሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ብዜት ጋር ይሄዳል፤ አንዱ የመቁረጫው፣ ሌላው ኤሌክትሮን በምድር ማግኔት መስክ ዙሪያ የሚሽከረከርበት። ሁለተኛውን 1.2 ሜጋሄርዝ ብትወስድ 1,700 ሄርዝ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 25 ኤሌክትሮን ያህል ይሰጥሃል። ይህ የሚገርም ነገር ነው፤ በጥፍር በምታክል ቦታ ውስጥ ያሉ ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ምድር ላይ ባለ የሽቦ ጥቅል እየቆጠርክ ነው። ሁለተኛው ጭራ፣ ወደ 3,400 ሄርዝ የሚጠጋው፣ ካለህ ደግሞ በትንሹ ከፍ ካለ ቦታ ይነጥራል። በሁለቱ ጭራዎች መካከል ያለው ልዩነት ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚበዛ ይጠቁምሃል። ስለዚህ ሁለት ንጹሕ ጭራ ያላቸውን ትዊኮች ለይተህ አስቀምጥ፣ ከሁሉም ውድ መረጃህ እነሱ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የለካኸው ከፍታና የኤሌክትሮን ብዛት ነው። አስተላላፊነት ለማለት የግጭት ብዛት ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ አልለካኸውም፣ ከሞዴል ነው የምትወስደው። ይህን በጽሑፍህ በግልጽ አስቀምጥ። የተለመደው ሞዴል ዌይትና ስፒስ በ1964 ያቀረቡት ነው፤ ጣሪያውን በሁለት መለኪያ ይገልጸዋል፣ አንዱ ማጣቀሻ ከፍታ፣ ሌላው ቤታ የሚባለው የእድገቱ ስለት። ሌሊት ማጣቀሻ ከፍታው 85 ኪሎሜትር፣ ቤታው በኪሎሜትር 0.5 አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው። በማጣቀሻ ከፍታው ላይ አስተላላፊነቱ በትርጉሙ 2.2 ማይክሮሲመንስ በሜትር ነው። ግን ተጠንቀቅ፣ የትዊክ ከፍታህ እና ማጣቀሻ ከፍታው አንድ አይደሉም። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሄደው በሞዴሉ በኩል ነው። ሌላም አለ። ከ70 ኪሎሜትር አካባቢ ጀምሮ የምድር ማግኔት መስክ የኤሌክትሮኖቹን እንቅስቃሴ ስለሚቆጣጠር አስተላላፊነቱ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። ያ 2.2 በማግኔት መስኩ አቅጣጫ ያለው ነው፣ ወደ ጎን ያለው በጣም ያንሳል።

ለቀኑስ? ቀን ላይ ብዙ መብረቆችን ከአንድ አቅጣጫ ሰብስበህ አማካይ ስፔክትረማቸውን በኮምፒውተር ከሚሰላ ስፔክትረም ጋር ማወዳደር ይቻላል። ከመር፣ ኢናን እና ቤል በ1998 ያሳተሙት ሥራ የሌሊቱን ንብርብር የለካ ቢሆንም ስልቱ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው። ነገር ግን መሣሪያህ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሚያጎላ በትክክል መታወቅ አለበት፣ የስሌት ፕሮግራሙንም ማንቀሳቀስ አለብህ። ጊዜ ከተረፈህ ሁለተኛ ምዕራፍ አድርገው እንጂ መነሻ አታድርገው።

እኔ ብሆን የምሠራው እንዲህ ነው። ከመቅዳቴ በፊት በኮምፒውተር ሰው ሠራሽ ትዊክ እፈጥራለሁ፣ ከፍታውን እኔ የማውቀው፣ የተለመደውን ጫጫታ እጨምርበታለሁ፣ ከዚያ ፕሮግራሜ ያንን ከፍታ መልሶ ማግኘቱን አያለሁ። ካላገኘ ቀረጻ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ከመብረቁ እስከ አንቴናዬ ያለው መንገድ በሙሉ ጨለማ ውስጥ በሆነበት ሰዓት ብቻ እቀዳለሁ፤ ግማሹ ቀን ግማሹ ሌሊት የሆነ መንገድ የሚሰጥህ የማንንም ቦታ ከፍታ አይደለም። አንድ ትዊክን አላምንም። በየሰዓቱ ያሉትን ሰብስቤ መካከለኛውን ዋጋና ስርጭቱን አወጣለሁ፣ በአቅጣጫም እለያቸዋለሁ። የማገኘው ከፍታ የመንገዱ ሁሉ አማካይ እንደሆነም አልረሳም፣ አናቴ ላይ ያለው አይደለም።

አማካሪህ «አንድ ቁጥር ስጠኝ» ካለህ ከፍታውን፣ ሰዓቱን፣ የወሰድከውን ቤታ እና የግጭት ሞዴል ጠቅሰህ ስጠው፣ ከነክልሉ። ማጣቀሻ ከፍታህ 85 ኪሎሜትር ሆኖ በ1 ኪሎሜትር ልትስት የምትችል ከሆነ፣ ቤታው ደግሞ 0.5 ከሆነ፣ 85 ላይ ያለው አስተላላፊነት ከ1.3 እስከ 3.6 ማይክሮሲመንስ በሜትር መካከል ነው ብለህ ጻፍ። 2.2 ብለህ ብቻ አትተወው።